ሼፊልድ ቤቱ ለምን ረከሰ? እዚያ የምትኖሩ ንገሩን

የክሮይደኑ

ሰላም ወገኖች፣ እንደምን ከረማችሁ። ሼፊልድ የምትኖሩ ወይም የኖራችሁ ካላችሁ እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

እኔና ባለቤቴ ለንደን፣ ክሮይደን ነን። እኔ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ እሷ አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። ሁለት ልጆች አሉን፣ ሰባትና ሦስት ዓመታቸው ነው። ለአንድ መኝታ ቤት በወር 1,400 ፓውንድ እንከፍላለን። መኝታውን ለልጆቹ ለቀን እኛ ሳሎን ነን። ሶፋው ቀን ሶፋ፣ ማታ አልጋ። እቁብ እየጣልን፣ ኦቨርታይም እየሠራን በስድስት ዓመት 24 ሺህ ፓውንድ ቋጥረናል። ለንደን ላይ ይህ ገንዘብ ጋራዥም አይገዛ።

ባለፈው ወር ለክርስትና ሼፊልድ ተጠርተን ሄድን። የጠራን ልጅ ደመወዙ ከእኔ አይበልጥም። ግን ቤት አለው! ሦስት መኝታ፣ ከኋላ ጓሮ፣ ምድር ቤት ሳይቀር። በስንት እንደገዛው ሲነግረኝ በትክክል የሰማሁት አልመሰለኝም። ስንመለስ ባቡሩ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ባለቤቴ ሁለቱንም ሰዓት ስልኳ ላይ ቤት ስታይ መጣች።

እኔ ደግሞ ርካሽ ነገር ያስፈራኛል። እንዳየሁት በአንድ ከተማ ውስጥ አንዱ ሰፈር 130 ሺህ የሚባል ቤት አለ፤ ሌላው ሰፈር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነው። በመካከላቸው የሃያ ደቂቃ መንገድ ቢሆን ነው። ነገሩ ምንድን ነው? ብርዱስ? ሥራስ? ዱርዬ ይበዛል የሚሉም አሉ። ዝም ብላችሁ «ና፣ ጥሩ ነው» እንዳትሉኝ፤ ያያችሁትን ንገሩኝ።

ባለታክሲው

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ልቤን ስለነካው ዛሬ አንድ ሰዓት ዘግይቼ ነው ሥራ የምወጣው። ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ እዚህ ከኖርኩ ወዲህ የእኛው ተምታቶብኛል።

ሼፊልድ የመጣሁት በ2006 ነው። መጀመሪያ መጋዘን ሠራሁ፣ ከዚያ ታክሲ ያዝኩ። በርንግሪቭ በሚባል ሰፈር አሥር ዓመት ተከራይቼ ኖርኩ። በ2016 ከዚያ ብዙም ሳልርቅ ፈርዝ ፓርክ ቤት ገዛሁ። 92 ሺህ ፓውንድ። ቅድመ ክፍያው አሥር በመቶ ነበር፣ 9,200። ከእኔ ሦስት በር አለፍ ብሎ ያለው፣ የእኔው ቢጤ ቤት፣ ባለፈው ዓመት 141 ሺህ ተሸጧል። ስለዚህ ያየኸው ዋጋ ውሸት አይደለም። የከተማው አማካይ ዋጋ ወደ 220 ሺህ ገደማ ነው፤ ለንደን ከዚያ እጥፍ ይበልጣል።

ለምን አንዱ ሰፈር እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ሆነ ላልከው፣ መልሱ ጭስ ነው።

ይህ የብረት ከተማ ነበር። ብረትን በገፍ ወደ አረብ ብረት የሚለውጠውን ዘዴ በ1856 ያስመዘገበው ሄንሪ ቤሰመር ፋብሪካውን የተከለው እዚህ ነው። ሚስትህ ወጥ የምትሠራበትን የእስቴንለስ ድስት አስበው፤ እሱንም ብረት ሃሪ ብሬርሊ በ1913 የሠራው እዚሁ ነው። ፋብሪካዎቹ የተሰለፉት በምሥራቅ በኩል፣ በዶን ወንዝ ሸለቆ ነው። ነፋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። እናም ሀብታሙ ጭሱን ሽሽት ወደ ምዕራብ ኮረብታ ወጣ። ራንሙር፣ ብሩምሂል የሚባሉት ሰፈሮች እንደዚያ ነው የተቆረቆሩት። ሠራተኛው ከነጭሱ ምሥራቅ ቀረ። ከ70ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ጭሱ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! የቤቱ ዋጋ ግን ዛሬም ጭሱ እንዳለ ነው።

ብረት ይቀልጥበት የነበረው ቦታ ላይ በ1990 ሜዶውሆል የሚባል ትልቅ የገበያ ማዕከል ተሠራ። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ፈረንጅ እዚያ አደረስኩ። ሲወርዱ «አሁን ያቆምክበት ቦታ ላይ 19 ዓመት ሠርቻለሁ» አሉኝ። ዛሬ ምን ሊገዙ እንደመጡ ጠየቅኳቸው። «ካልሲ» አሉ።

ሌላም ነገር ልጨምርልህ፣ አንተ የአውቶቡስ ሾፌር ስለሆንክ ይገባሃል። በ2013 የከተማዋን ፍትሐዊነት የሚያጠና ኮሚሽን ሪፖርት አወጣ። 83 ቁጥር አውቶቡስን እየተከተለ ነው የጻፈው። አውቶቡሱ ሚልሃውዝስ ሲነሣ የሰፈሩ ሴቶች በአማካይ 86 ዓመት ይኖራሉ። ከተማውን አቋርጦ በርንግሪቭ ሲደርስ የሚኖሩት 77 ገደማ ብቻ ሆኗል። በአንድ ቲኬት ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ! እኔ ቤት የገዛሁት በዚያ መስመር ርካሹ ጫፍ ላይ ነው። እያወቅኩ ነው የገዛሁት። ምዕራቡ በኩል ልግዛ ብል ዛሬም ተከራይ ነበርኩ።

ዱርዬ አለ ወይ? አለ፣ አልዋሽህም። በዘጠኝ ዓመት ሁለት ጊዜ የመኪናዬ መስታወት ተሰብሯል። ግን እዚህ አንዱ መንገድና ቀጥሎ ያለው መንገድ አይተዋወቁም። አንዱ ጋ ሰዎች ደጃቸውን አጥበው አበባ ተክለዋል፤ ጥጉን ስትታጠፍ ፍራሽና የተሰበረ ፍሪጅ መንገድ ላይ ተጥሏል። ስለዚህ ሰፈሩን ሰምተህ አትወስን፣ ማታ አምስት ሰዓት ላይ መንገዱን በእግርህ ሂድበት። በዚያ ላይ ጎረቤቶቼን በሌላ አልለውጥም። ስፒታል ሂል ላይ ጤፍ አለ፣ በርበሬ አለ፣ ጥሬ ቡና አለ፣ ከመጋገሪያ የወጣ የየመን ዳቦ አለ። የመኖቹ ከእኛ በፊት ነው የመጡት፣ በ50ዎቹ፣ ለብረት ሥራው።

አሁን ወደ ቤቱ ልግባ። ስልክህ ላይ የምታየው ርካሽ ቤት አብዛኛው ቴራስ ነው። ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቶ የተደረደረ፣ መቶ ዓመት ያለፈው የጡብ ቤት። የእኔው በ1898 ነው የተሠራው። ግድግዳው ድፍን ጡብ ነው። በመሐሉ ክፍተት ስለሌለው ሙቀት የሚይዝ ነገር አይሞላበትም። በየጥቂት ቤቱ መሐል ደግሞ ጄነል የሚሉት መተላለፊያ አለ፣ ከመንገድ ወደ ጓሮ የሚያስገባ ጠባብ ዋሻ በለው። ከዋሻው በላይ የአንዱ ቤት መኝታ ክፍል ተንጠልጥሏል።

ያ አንዱ እኔ ነኝ። ቤቱን ሳይ በጣም ደስ ያለኝ በዚህ ነበር፤ ፎቄ ከጎረቤቴ ፎቅ ይሰፋል! ጃንዋሪ ሲገባ ነገሩ ገባኝ። ልጄን ያስተኛሁት እዚያ ክፍል ነው። ከወለሉ ሥር ያለው ነፋስ ብቻ ነው። ምንጣፍ ላይ ቆሜ እግሬን ይቆረጥመኛል። ልጁ ሁለት ካልሲ ደርቦ ነበር የሚተኛው፣ ቀን ሲጫወትም አልጋው ላይ እንጂ መሬት አይቀመጥም። ሁለት ክረምት እንደዚህ ከቆየን በኋላ አንድ አናጢ ጣውላውን አንሥቶ ሙቀት መያዣውን ሞላበት። 600 ፓውንድ። ቤቱ ላይ ካፈሰስኩት ገንዘብ ያላንገበገበኝ እሱ ብቻ ነው። አንተም የምታየው ቤት ጄነል ላይ የወጣ ክፍል ካለው ጫማህን አውልቀህ ወለሉ ላይ ቁም። ኤጀንቱ ይሳቅ፣ ግድ የለም።

እርጥበት ሌላው ነው። በሁለተኛው ዓመት የሳሎኑ ግድግዳ ጥግ ጠቆረ። የእርጥበት ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው መጣ፣ በነፃ ነው የማየው ብሎ። መሣሪያውን ግድግዳው ላይ ሲያስጠጋው ጮኸ። «ከመሬት እየሳበ ነው፣ ግድግዳው መድኃኒት መወጋት አለበት» ብሎ 2,800 ፓውንድ ጠየቀኝ። ማታ ለሚስቴ ስነግራት «እስቲ መጀመሪያ ሲዘንብ ውጣና እየው» አለችኝ። ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። አሸንዳው ተሰብሮ ውኃው ግድግዳውን እየላሰ ይወርዳል! አሸንዳውን አስቀየርኩ፣ 85 ፓውንድ። ጥቁረቱ እስከ በጋ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ በነፃ የሚያይ ሰው ቤቴ አይገባም።

ምድር ቤት ያልከው እውነት ነው፣ ብዙዎቹ አላቸው። የእኛው ውስጥ አንድ ትልቅ ድንጋይ እንደ ጠረጴዛ ተጋድሟል። ፍሪጅ ባልነበረበት ዘመን ሥጋ የሚያኖሩበት ነው። እኛ ቅቤና ድንች እናስቀምጥበታለን። ሊጥ ግን እዚያ አይሆንም፣ ሳምንት ቢቀመጥ አይቦካም። የሚቦካው ፎቅ፣ ቦይለሩ ያለበት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ እንጀራ ሽታው ቤቱን እንዳይሞላው ብለን ምጣዱን ወደ ምድር ቤት አወረድነው። በሁለት ወር ከላይ ያለው ወራጅ እንጨት ነጭ ሻጋታ አበቀለ። እንፋሎቱ መውጫ የለውማ። አሁን የምንጋግረው ኩሽና፣ መስኮት ከፍተን፣ ሹራብ ለብሰን ነው።

ሊዝ የሚል ቃል ስታይ ደግሞ እንዳትደነግጥ። እኔ ሶሊሲተሩ፣ የቤት ግዢውን የሚጨርስልኝ ጠበቃ፣ «ቤቱ ሊዝ ነው» ሲለኝ ልቤ ወረደ፣ እኛ አገር የምናውቀው 99 ዓመት ነው። ወረቀቱን ገልጦ አሳየኝ፣ 800 ዓመት! ከ1898 ጀምሮ። ገና ከ670 ዓመት በላይ ይቀረዋል። የመሬት ኪራዩ በዓመት ሦስት ፓውንድ ተኩል ነው። ሼፊልድ እንዲህ ያለ የድሮ ሊዝ ሞልቷል። አንድ ጣጣ ብቻ አለው። የመሬቱ ባለቤት ቢሮ፣ አንተ አድራሻ ስትቀይርም፣ ቤት ስታስፋም፣ ለአንድ ደብዳቤ ብቻ ከኪራዩ ሃያ እጥፍ ሊጠይቅህ ይችላል። ሶሊሲተርህ ሁሉንም እንዲያነብልህ አድርግ። ከሥር የድሮ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ መኖሩንም ያጣራልህ፤ እዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም።

ብርዱን ጠየቅክ። ዝናቡ በመጠን ከአዲስ አበባ ያንሳል ብልህ ታምናለህ? እውነት ነው። ግን የእኛ ዝናብ መጥቶ አውርዶ ይሄዳል፤ የዚህ አገሩ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ ይውላል። ከተማው የተሠራው ደግሞ ኮረብታ ላይ ነው፣ ሰባት ኮረብታ ይላሉ። በዲሴምበር 2010 በረዶ ሲጥል አውቶቡስ ቆመ፣ ታክሲ ቆመ። ከመጋዘን እስከ ቤቴ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሬ ሄድኩ፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ዳገት በአጥር እየተጎተትኩ ነው የጨረስኩት። ቤት ስትመርጥ ዳገቱን በስልክ ካርታ አታየውም። የልጅ ጋሪ ይዛ ለምትወጣው ለባለቤትህ አስብላት።

ሥራ አለ። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎቹ ብዙ ሰው ይቀጥራሉ፣ መጋዘን አለ፣ የአውቶቡስ ሾፌርም ሲፈልጉ አያለሁ። ደመወዙ ግን የለንደን አይደለም፣ እሱን ቀንሰህ አስላ። ታክሲ ካሰብክ ከ2023 ጀምሮ መሐል ከተማ የአየር ብክለት ክልል ነው። በናፍጣ የሚሄድ አሮጌ ታክሲ በቀን አሥር ፓውንድ ይከፍላል። የግል መኪና አይከፍልም። እኔ በዚያ ሰበብ ደህናዋን መኪናዬን ሸጬ ሃይብሪድ ገዛሁ፤ ዕዳዋ ገና አላለቀም።

በቃ፣ ስልኬ እየጠራ ነው።

የመንትዮች እናት

ጋሽ ባለታክሲ ያሉትን ሁሉ እፈርማለሁ፣ አንድ ነገር ሲቀር። ወንድሜ፣ መጥተህ ወዲያው እንዳትገዛ። አንድ ክረምት ተከራይተህ ኑርበት።

እኔ ኖርዘርን ጀነራል ሆስፒታል ነው የምሠራው። ቤታችን ምሥራቁ በኩል ነው፣ ሁለት መኝታ፣ በወር 825 ፓውንድ። ስንገባ አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ነበር፣ ደስ አለን። ኖቬምበር ላይ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለውን ግድግዳ አየሁት። እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል። የልጆቹ የክርስትና ልብስ ሳይቀር ሻግቷል። አዲሱ ቀለም ለካ መሸፈኛ ነበር። አከራዩ ቢሮ ስደውል ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ምግብ ስትሠሪ መስኮት ክፈቺ።» ዲሴምበር ላይ፣ ሁለት ሕፃን ይዤ!

ግማሹ እውነት እንዳለው በኋላ ተረዳሁ፣ ቢያናድደኝም። ልብስ የማሰጣው ራዲያተር ላይ ነበር። ወጡ ሦስት ሰዓት ሲንተከተክ ይውላል። ያ ሁሉ እንፋሎት ሄዶ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውኃ ይሆናል። አሁን ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቄዋለሁ፣ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ወጥ ስሠራ የኩሽናውን በር እዘጋለሁ። ተሻለ። ግማሹ ግን የእነሱ ጥፋት ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ አየር ማውጫ አይሠራም፣ ሦስት ጊዜ ጽፌ በአምስተኛው ወር ነው የቀየሩልኝ። የምትጽፉላቸውን ሁሉ በኢሜይል ጻፉ፣ ፎቶ ከነቀኑ አስቀምጡ። ስልክ ማስረጃ አይሆንም።

ሮችዴል ውስጥ በ2020 የሞተውን የሁለት ዓመቱን ሕፃን አዋብ ኢስሃቅን ሰምታችሁ ይሆናል። ቤታቸው ውስጥ በነበረው ሻጋታ ነው የሞተው። በስሙ ሕግ ወጥቶ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ ግን የተጀመረው በካውንስል፣ ማለትም በአካባቢው አስተዳደር፣ እና በማኅበር ቤቶች ነው። እኔን የመሰለ የግል ተከራይ ገና እየጠበቀ ነው። ልጆቼ ማታ ባሳሉ ቁጥር ያ ሕፃን ነው የሚመጣብኝ።

ስለ ትምህርት ቤት አልጠየቅክም እንጂ ልጆችህ ትንንሽ ስለሆኑ ልንገርህ። ሼፊልድ ውስጥ በፈተና የሚያስገባ የመንግሥት ትምህርት ቤት የለም፣ ቅርበት ነው ወሳኙ። ሰው የሚሻማባቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደቡብ ምዕራቡ ላይ ይበዛሉ። ያ 500 ሺህ ብለህ የደነገጥክበት ቤት ግማሹ ዋጋ የትምህርት ቤት ነው በለው። የእኔ ልጆች የሚማሩበት ምሥራቁ ላይ ነው፣ በአስተማሪዎቹ ቅር ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ። አንተም ባለቤትህም አርባ ካልሞላችሁ ላይፍታይም አይሳ የሚባል የቁጠባ ሒሳብ ነገ ጠዋት ክፈቱ። እያንዳንዳችሁ በዓመት እስከ 4,000 ካስገባችሁ መንግሥት 1,000 ይጨምርላችኋል። ለመጀመሪያ ቤት ነው፣ ከተከፈተ ዓመት ካልሞላው ግን ቤት አትገዙበትም። እኔ ዘግይቼ ነው የሰማሁት፣ ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም።

ስቶክ ያለሁት

ሼፊልድ ርካሽ ነው የምትሉት እያሳቃችሁኝ ነው። ስቶክ ኑ! የሸክላ ከተማ፣ አማካዩ 150 ሺህ ገደማ ነው። በ2013 እኮ ካውንስሉ ባዶ የቀሩ ቤቶችን በአንድ ፓውንድ ሸጧል። አንድ ፓውንድ፣ የማኪያቶ ዋጋ እንኳ አይሞላም። ያን ጊዜ የሰማ ዘመድ ሁሉ ከአገር ቤት ይደውልልኝ ነበር፣ «ለእኔም አንድ ያዝልኝ» እያለ። ያልሰሙት ነገር ከፓውንዱ ጋር እስከ 30 ሺህ የሚደርስ የማደሻ ብድር እንዳለ ነው። ወለድ አለው፣ ትከፍለዋለህ፣ ራስህም ትኖርበታለህ። ቤቶቹም ሠላሳ ምናምን ብቻ ነበሩ። እኔ አልደረሰኝም።

ግን ልጅየው የአውቶቡስ ሾፌር ነው ካላችሁ ሼፊልድ ይሻለዋል፣ እውነቱን ለመናገር። እዚህ ማታ አውቶቡስ ማግኘት ሎተሪ ነው።

የክሮይደኑ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሥራ ዘግይተው ነው የጻፉልኝ፣ ውለታዎን አልረሳም። እህቴም ስቶክ ያለኸውም አመሰግናለሁ። ለባለቤቴ ሁሉንም አነበብኩላት። ሻጋታው ጋ ስደርስ ዝም አለች፤ ስልኳን አንሥታ ከመረጠቻቸው አሥራ አንድ ቤቶች ሰባቱን አጠፋች። ጄነሉን ግን አላመነችም፣ «መኝታ ቤት እንዴት ነፋስ ላይ ይሠራል?» ትላለች።

ሒሳቡን ተቀምጠን ሠራነው። 135 ሺህ ቤት፣ አሥር በመቶ ብንከፍል፣ ወለዱ አምስት በመቶ ቢሆን፣ በሠላሳ ዓመት በወር 650 ገደማ ይሆናል። እስከ 300 ሺህ ለመጀመሪያ ቤት ገዢ የግዢ ቀረጥ የለም፣ ይህንንም አጣርቻለሁ። አሁን ከምንከፍለው ኪራይ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ደመወዛችን ቢቀንስም እንቋቋመዋለን። እህቴ አንድ ክረምት ተከራይ ያልሽው ግን እያከራከረን ነው። እኔ ልክ ነሽ እላለሁ፤ ባለቤቴ «ደግሞ ሌላ ኪራይ?» ትላለች።

የሆነው ሆኖ በመጪው ቅዳሜ አራት ቤት ለማየት ቀጠሮ ይዘናል። ሁለቱ ፈርዝ ፓርክ፣ አንዱ ዎክሊ፣ አንዱ ሂልስቦሮ ነው። የሂልስቦሮው ወንዝ አጠገብ ነው፣ ከሁሉም ያምራል፣ ዋጋውም ደህና ነው። ጋሼ፣ ምን ይሉኛል?

ባለታክሲው

ወንዝ አጠገብ ካልከኝ አንድ ነገር ልንገርህ። ጁን 25 ቀን 2007 እኔ የምሠራበት መጋዘን ዶን ወንዝ ዳር ነበር። ሲዘንብ ሰነበተ። ያን ቀን ከሰዓት አለቃችን «መኪና ያላችሁ ውጡ» አለ። መኪና ስላልነበረኝ ቆምኩ። ውኃው በበሩ ሥር ሲገባ እንደ ሻይ ነበር፣ ቡናማ፣ ዝም ያለ። በአንድ ሰዓት ጉልበቴ ደረሰ። የካርቶን ሣጥኖቹ ተንሳፍፈው እንደ ዳክዬ ይዞሩ ነበር። ሜዶውሆል ተጥለቀለቀ፣ ከተማው ውስጥ ሁለት ሰው ሞተ። ሂልስቦሮም ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ መከላከያ ሠርተዋል፣ አይካድም። ያም ሆኖ መንግሥት የጎርፍ ካርታ አለው፣ በነፃ ነው፣ የፖስታ ቁጥሩን አስገባና እይ። የቤት ኢንሹራንሱንም ቤቱን ሳትገዛ ዋጋ ጠይቅ። ኢንሹራንሱ ከጎረቤት ሰፈር እጥፍ ከሆነ ወንዙ ራሱ ነግሮሃል ማለት ነው።

ዎክሊ ጥሩ ነው፣ ግን ዳገቱ የጉድ ነው። ጋሪ ይዛችሁ ውጡትና ባለቤትህን ፊቷን እይ። ፈርዝ ፓርክ ያሉትን የመንገዱን ስም ላክልኝ፣ ሁለቱንም በሌሊት አውቃቸው ይሆናል። ሊዙ ስንት ዓመት እንደቀረው፣ ካውንስል ታክሱ፣ ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፈለው የቤት ግብር፣ የትኛው ምድብ እንደሆነ ኤጀንቱን በስልክ አሁኑኑ ጠይቅ። ምድቡ የሚወጣው ቤቱ በ1991 በነበረው ዋጋ ነው፣ ስለዚህ ትንንሾቹ ቴራሶች አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛው ኤ ናቸው።

የመንትዮች እናት ተከራይ ያለችህን እኔ አልቃወማትም፣ ልጆቿን ይዛ ያየችውን አይታ ነው። እኔ አሥር ዓመት ተከራይቼ ነው የዘገየሁት፣ የእኔ ጸጸት ደግሞ በዚያኛው በኩል ነው። እናንተ ተነጋገሩበት።

ቅዳሜ ዝናብ ይላል ትንበያው። በጣም ጥሩ፣ አሸንዳ ማየት ትችላላችሁ። ስንት ሰዓት እንደምትደርሱ ንገረኝና ጣቢያው በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። አራቱንም ቤት አዞራችኋለሁ፣ ሜትር አላበራም። ከጣቢያው ስትወጡ ከኋላችሁ ኮረብታው ላይ የተጋደመውን ረጅም ፎቅ ታያላችሁ፣ ፓርክ ሂል ይባላል። የካውንስል ቤት ነበር፣ አሁን በቅርስ ተመዝግቦ፣ ታድሶ፣ ግማሹ ለሀብታም ይሸጣል። ባለቤትህ ያምራል ካለች ዋጋውን አትንገራት።

ልጆቹ ትርፍ ካልሲ ይያዙ።